ጥፋቱ የአውሬው ነው ወይስ የያዘው?

«የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከዐቅሙ በላይ የሆነ ነገር ለጀመረ ሰው ነው። ነገር ግን ቃሉን እንዳለ ወስደን በነብሩና በያዡ መካከል ያለውን ጉዳይ ብንመረምር አንድ ቁም ነገር እናገኝበታለን። ነብሩ ጅራቴን ያዙልኝ ብሎ አልለመነም። የያዘው ሰው ስለሆነ የመያዙም ዕዳ የሰው ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜንን ተራራ አቋርጦ ወደ መካነ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ይህን ነገር በዓይኑ ሊያየው ይችላል። በሳንቃበርና በጨነቅ አካባቢ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ይውላል። በዚያ የብረት ፍርግርግ የለም። ጐብኚው ቢፈራ ወደ ኋላ ይላል፤ ጭላዳውም ቢሰጋ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ሁለቱም መሸሻ አላቸው። በከተማ ማጐሪያ ውስጥ ያለው አውሬ ግን መሸሻ የለውም፤ ግድግዳውን ያቆመ፣ ቁልፉንም በኪሱ የያዘ ሰው ነው። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ጊዜ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ምን ሳያደርግ ቀረ ተብሎ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ ሳንፈልግ ከአገራችን እንጀምር። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በ1940 ዓ.ም. በተቋቋመው የአንበሳ ግቢ፣ በ2008 ዓ.ም. ቀነኒሳ የተባለ አንበሳ ጠባቂውን ገደለ። በጊዜው እንደ ተነገረው፣ ጠባቂው ለዕለት ሥራው ወደ ማጐሪያው ሲገባ የውስጠኛው በር ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ስንሰማ ሟቹን «ምነው በሩን በዘጋ!» ብሎ መውቀስ ይቀናናል። ዳሩ ግን ሰው ይደክመዋል፤ ይረሳል፤ የቤቱ ሐሳብ ይይዘዋል። ሰው የሚረሳ ፍጡር መሆኑን እያወቅን ሕይወቱን በአንድ መወርወሪያ ላይ ብናንጠለጥል ጥፋቱ የረሳው ብቻ ሊሆን አይችልም። የውስጡ በር ካልተዘጋ የውጪው እንዳይከፈት አድርጎ መሥራት፣ በሩንም ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይቻላል። ይህ ደግሞ የአሠሪ እንጂ የጠባቂ ሥራ አይደለም። በአደጋ ለሚሠራ ሠራተኛ የተጠነቀቀ ቦታ ለጐብኚውም ይጠነቀቃል።

ሠለጠነ በሚባለው ዓለምም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ መካነ አራዊት ታቲያና የምትባል ታይገር፣ ማለት የእስያ ነብር፣ ነበረች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የአንዲት ጠባቂን ክንድ አቆሰለች። ልክ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የፈረንጆች ገና ዕለት ግን ከማጐሪያዋ ወጥታ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ገደለች፤ ሁለት ጓደኞቹንም አቆሰለች። እርስዋንም ፖሊሶች በጥይት ገደልዋት። ከዚያ በኋላ ግንቡ ቢለካ 12.5 ጫማ ሆኖ ተገኘ። በአገሪቱ የመካነ አራዊት ማኅበር የሚመከረው ደግሞ 16.4 ጫማ፣ ይኸውም 5 ሜትር ያህል ነው። የመካነ አራዊቱ ሹም በመጀመሪያ 18 ጫማ ነው ብለው ነበር። ወጣቶቹ አውሬዋን አስቈጥተዋታል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ቢሆንም አጭሩን ግንብ የሠሩት እነርሱ አይደሉም።

ይህ ታሪክ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይ ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገውን ያስታውሰናል። በሬው ድንገት ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ዕዳው በባለቤቱ ራስ ላይ ይወርዳል። አንበሳና ነብር ተዋጊ መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ማንም ነጋሪ አያስፈልገውም።

የአገራችን ሕግ እንዲያውም ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ድንገት አምልጦኝ ነው ቢል፣ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው ቢልም አይድንም። በቁጥር 2086 እንደ ተጻፈው፣ ከኀላፊነቱ በሙሉ ወይም በከፊል ሊያድነው የሚችለው የተጐጂው ጥፋት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህች የመጨረሻይቱ ቃል እኛን ጐብኚዎችን ትመለከታለች። የታጠረውን አጥር ዘሎ የሚገባ፣ አንበሳ ተኝቷል ብሎ ድንጋይ የሚወረውር፣ ልጁን ፎቶግራፍ ለማንሣት በመከታው ላይ የሚያቆም ሰው የዕዳውን ድርሻ በገዛ እጁ ይወስዳል። በስሜንም እንዲሁ ነው። ወንዱ ጭላዳ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ገርጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ሲያሳይ የማያውቀው ሰው ጨዋታ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን በገዛ ቋንቋው «ራቀኝ» ማለቱ ነው። ሣር በል ቢሆንም ረጃጅም ክራንቻ አለው። አብሮ የሚሄደው ስካውት «አትጠጋ፤ ምግብም አትስጥ» ሲል ሊሰማ ይገባዋል። አጥር በሌለበት ቦታ አጥሩ የስካውቱ ቃል ነው።

አውሬ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ በጥይት ይገደልና ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። ግንቡ ግን እንዳጠረ፣ መወርወሪያውም እንደ ላላ ይቀራል፤ በሚቀጥለው እሑድም ሌላ አባት የልጁን እጅ ይዞ እዚያው ቦታ ይቆማል። ስለዚህ አውሬ ያሰረ ሁሉ ሰው ከመጉዳቱ በፊት ግንቡን ይለካ፤ በሩን ይፈትሽ፤ ጠባቂውን ያሠልጥን። ይህን ለማድረግ ዐቅም የሌለው ቢኖር የነብሩን ጅራት ከመጀመሪያው ባይዝ ይሻለዋል።