ውሻን ከጅራፍና ከርችት ድንጋጤ ስለ መጠበቅ

ውሻ የቤትና የበረት ጠባቂ እንደ መሆኑ ጥቅሙ ለገበሬ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጅብን የሚያባርር ውሻ እንኳ ለቡሄ ጅራፍ ሲጮህ፣ ለዘመን መለወጫ ርችት ሲተኮስ፣ በሠርግም ጥይት ሲንጣጣ ደንግጦ አጥር ጥሶ ይጠፋል። የጠፋም ውሻ በአውሬ ይበላል፤ ወይም ከባዘኑ ውሾች ተነካክሶ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመለሳል።

የድንጋጤው ምክንያት ይህ ነው። ሰው የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ ውሻ ግን እስከ 45,000 ገደማ የሚርገበገበውን ይሰማል። ደግሞም ነጎድጓድን ደመናና ነፋስ ይቀድሙታል፤ ርችት ግን ሳይታሰብ ይፈነዳል።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ በበዓሉ ዕለት ገና ሳይመሽ ውሻውን አብሉት፣ አጠጡት፤ ጥቂት አንሸራሽራችሁ ወደ ቤት አስገቡት።

2ኛ/ ጨለም ባለ ማዕዘን የለመደውን ጆንያ አንጥፉለት፤ በርና መስኮት ዝጉ። አልጋ ሥር ቢደበቅ ጎትታችሁ አታውጡት።

3ኛ/ በአጥር አጠገብ በገመድ አስራችሁ አትተዉት። ልዝለል ሲል ገመዱ ሊያንቀው ይችላል።

4ኛ/ ስለ ፈራ አትምቱት፤ ፍርሃቱ ይብስበታልና። ወደ እናንተ ቢጠጋ በዝግታ ዳብሱት፤ ይህ ፍርሃትን አያስለምደውም። ሕፃናትን ግን አርቁ፤ የደነገጠ ውሻ የሚያውቀውንም ሰው ሊነክስ ይችላል።

5ኛ/ አረቄም ሆነ የሰው መድኃኒት አትስጡት። ፍርሃቱ እጅግ የበረታ ከሆነ ከበዓሉ አስቀድማችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

6ኛ/ ቡችላ ካላችሁ ጅራፍ በሩቅ ሲሰማ ቁራሽ እንጀራ እየሰጣችሁ አለማምዱት፤ ሳይደነግጥ ሲቀር ድምፁን በየቀኑ ጥቂት አቅርቡ።

ፍርሃትንና እብደትን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። የፈራ ውሻ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩም ይዝረበረባል፤ በዚህ ምክንያት አብዷል ተብሎ በከንቱ ሊገደል ይችላል። ፍርሃት ግን ድምፁ ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። በዓሉ አልፎም ጠባዩ እንደ ተለወጠ ቢቀር፣ ጩኸቱ ቢጎረንን፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ መንጋጋው ቢንጠለጠል፣ አትቅረቡት፤ ለእንስሳት ሐኪም ፈጥናችሁ አስታውቁ።

ውሻ የነከሰው ሰው ግን «ፈርቶ ነው» ብሎ ቸል አይበል። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰውም ውሻ የታወቀና ጤነኛ ከሆነ ሳይገደል ለ10 ቀን ተዘግቶ ይጠበቅ፤ ሕክምናው ግን ይህን እየጠበቀ አይዘግይ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ይህን በየመንደሩ አስረዱ። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ስለሚውል፣ ከዚያ አስቀድሞ ውሾች የዓመቱን ክትባት እንዲያገኙ ከእንስሳት ጤና ክፍል ጋር ተነጋገሩ። የተከተበ ውሻ በድንጋጤ ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ ለቤተ ሰቡ ሥጋቱ ያነሰ ነው።