ጠይብ ማለት ስድብ ነው እንዴ?

«ልጁስ ጨዋ ነው፤ ግን ዘሩ ቀጥቃጭ ነው አሉ…» በዚህች አጭር አነጋገር ስንት ሽምግልና ከደጅ ተመልሷል! ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ስለ ፍቅር ሳይሆን ፍቅርን ስለሚያፈርስ ቃል እናውጋ። ቃል እንደ ድንጋይ ነው፤ ቤት ይሠራበታል፣ ሰውም ይፈነከትበታል።

እስቲ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ቆም ብላችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪኛው ተቀላቅሎ ይንቆረቆራል። እኛ ነጭ የምንለውን ኦሮሞው አዲ፣ ሶማሌው ዓድ ይለዋል። ድንጋይን አንዱ ዳጋ፣ ሌላው ዳጋሕ ይላል። ብረት ቀጥቃጩን ደግሞ አንዱ ቱምቱ፣ ሌላው ቱማል ብሎ ይጠራዋል። ቃሎቹ ወንድማማች ይመስላሉ አይደል? የሚያሳዝነው ንቀቱም ወንድማማች መሆኑ ነው። ቀጥቃጭ፣ ቱምቱ፣ ቱማል… በሦስቱም ቋንቋ ለጋብቻ የሚሸሽ ስም ሆኖ ኖሯል።

ለመሆኑ ቃሎቹ ጥንት ምን ነበሩ? ጠይብ የመጣው ጠቢብ ከሚለው ነው። ጠቢብ ማለት ደግሞ ዐዋቂ፣ ብልህ ማለት ነው! ንጉሥ ሰሎሞንን ስናደንቅበት የምንኖረውን ቃል ነው አጣመን ለሰው መስደቢያ ያደረግነው። ኧረ አቦ፣ ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የሌሎቹንም እንይ። ነጭ በግእዝ ፀዓዳ ነው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ጻዕዳ ይላል። ድንጋይ በግእዝ እብን ነው። በረዶ የመሰለውን ድንጋይ እብነ በረድ ያልነው ከዚያ ወስደን ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አንብሮ የሚገነባው ሰው በግእዝ ነዳቂ ይባላል፤ በመዝሙረ ዳዊት 117 ላይ ግንበኞቹ በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ዛሬ ጠራቢ የምንለው በግእዝ ጸራቢ ነው፤ የእመቤታችን ጠባቂ የዮሴፍ ሙያ! ታዲያ እሁድ በቅዳሴ የምናከብረውን ሙያ ሰኞ በሽምግልና የምንንቀው በምን ሒሳብ ነው?

ወደ ነጩ ግድግዳ እንምጣ። የሐረርን አሮጌ ቤቶች አይታችሁ «እንዴት ያምራል!» ያላችሁ ሁሉ፣ ያ ንጣት ኖራ ነው። ዐረቡም ኑራ ይለዋል። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ በሆነ እሳት ይቃጠላል፤ ውሃ ሲያገኘው እንደ ድስት ይፈላል፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ከአየሩ ጋር ሲዋሐድ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ያልበረደ ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። (ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም!) ንጣቱን የምናደንቅ ሰዎች እጁ የተላጠበትን ባለሙያ ግን «ኖራ ቀቢ» ብለን እናልፈዋለን።

ድሬዳዋ ደግሞ እንዲህ ያለውን ንቀት መቀበል የሌለባት ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምናውቃት ድሬ አትኖርም ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን በአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። ከተማዋ የብረትና የድንጋይ ልጅ ናት። በቀጥቃጭና በግንበኛ እጅ አድጋ ቀጥቃጭን አማች አላደርግም ማለት እናትን እንደ መካድ ነው።

እንግሊዞችም ሁለት ዓይነት ቀጥቃጭ ነበራቸው። ጥቁሩን ብረት የሚሠራው ብላክስሚዝ፣ ነጩን ቆርቆሮ የሚሠራው ዋይትስሚዝ ይባል ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም ስሚዝ ነው። ቀጥቃጭ ማለት እኮ ነው! እዚያ በኩራት የሚወረሰው ስም እዚህ ሙሽራ ያስቀራል።

ይህ ነገር ትናንት የተጀመረም አይደለም። አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያለ የሚሰድብ አንድ ዓመት እንዲታሰር ደንግገዋል። ዘመናት አለፉ፤ ስድቡ ግን ዛሬም በሹክሹክታ አለ።

እንግዲህ ለእናንተ ለወጣቶች ምክሬ ይህ ነው። ቤተሰብ «ዘሩ» ሲል ጮኻችሁ አትሟገቱ። ቀስ ብላችሁ «ጠይብ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ትርጉሙን ንገሩ። አባታችሁ የሚያከብሯቸውን አንድ ቄስ ወይም ሼኽ፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ አስቀድማችሁ ከጎናችሁ አሰልፉ። ፍቅረኛችሁን ደግሞ ከስድቡ ለማዳን ብላችሁ ሙያውን አትደብቁ፤ የተደበቀ ሙያ ያፈሩበት ይመስላል፣ ሐሜተኛንም ያበረታል።

ለእናንተ ለወላጆችም አንድ ጥያቄ አለኝ። አማች ሲመጣ ይሠራል ወይ? ይጠጣል ወይ? ልጄን ያከብራል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ፤ ደግ ነው። አያቱ መዶሻ ይዞ ነበር ወይ የሚለውን ግን ተዉት። የምትተኙበት ቤት፣ የምታርሱበት ማረሻ፣ የምትቆርሱበት ቢላዋ ከማን እጅ ወጣና!