ቀዳዳ የማያሰጋት ጀልባ

በጌጃ ሰፈር ለሚኖር ሰው ጀልባ የዕለት ጉዳይ አይደለም። ሰፈሩ ያለባት የአዲስ አበባዋ ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሀገሪቱም ከ1985 ወዲህ የባሕር በር የላትም (ዘመኑ ሁሉ እዚህ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ባሕር ያላቸው ሀገሮች ግን ትንንሽ የሸራ ጀልባዎችን እየነዱ የሚመዝኑና ውጤቱን በመጽሔት የሚያወጡ ሙያተኞች አሏቸው። አዲስ ጀልባ በወጣ ቁጥር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። ብትቀደድ ትንሳፈፋለች ወይስ ትሰጥማለች? ማዕበል ጎኗን ሲመታት ትቃናለች ወይስ ትገለበጣለች? ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሄድ ትችላለች? ምን ያህል ትሮጣለች? ስንት ዓመት ታገለግላለች? እኛ እነዚህን ጥያቄዎች የምናቀርብላት የራሳችን ጀልባ አለችን፤ የጣና ሐይቅ ታንኳ።

ታንኳ የምትሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ውስጥ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚያድግ፣ አናቱ ላይ ቀጫጭን አረንጓዴ ክር የሚበትን ተክል ነው። አገዳውን ቢቆርጡት ክብ ሆኖ አይገኝም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ውጭው ጠንካራ አረንጓዴ ልጥ ሲሆን ውስጡ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል፣ አየር የያዘ ነጭ ሥጋ ነው። የጥንት ግብፃውያን የጻፉበት ፓፒረስ የሚወጣው ከዚህ ነጭ ክፍል ነበር፤ ታንኳም የምትንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር ነው።

ሠሪው ደንገሉን ቆርጦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሲደርቅ በነዶ በነዶ ያስረዋል፤ ነዶዎቹን ጎን ለጎን ደርድሮ በልጥና በገመድ ይጠፍራቸዋል፤ ፊቷን አጥብቦ ወደ ላይ ያቀናዋል። ከወለሉ መሐል ላይ ደግሞ ሌላ ነዶ ይነባበራል። ቀዛፊው የሚቀመጠውም ሆነ ዕቃው የሚጫነው እዚያ ላይ ነው፤ ከታች የሚመጣው ውኃ እንዳይደርስበት። ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣ ቅጥራን የለ። ይህን ሙያ ለረጅም ዘመን ይዘው የኖሩት በአመዛኙ ነገደ ወይጦ ናቸው፤ ቀድሞ በጉማሬ አዳኝነት የታወቁ፣ በዓሣ፣ በደንገል ሥራና በወፍጮ ድንጋይ የሚተዳደሩ፣ ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ ለመቁረስ ሲጠየፋቸው የኖረ ሕዝብ። እንጀራቸውን የተጠየፈው ጎረቤት ግን እንጨቱንና እህሉን ጭኖ ሐይቁን ሲሻገር የእጃቸውን ሥራ አልተጠየፈም።

ባሕር ዳር ከተማ ለጎብኚ የሚሸጡ፣ ክንድ የማይሞሉ የደንገል ታንኳዎች አሉ። አንዷ ጌጃ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቧራ ስትጠጣ ኖራለች። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አወረድኳትና ግቢ ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውኃ ሞልቼ አስቀመጥኳት። የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ መርከብ ገዙ እንዴ?» እያለ መጣና ፈተናውን ከእጄ ነጠቀኝ። አንድ ጎኗን በጣቱ ተጫነው፤ ሰጠመ፤ ሲለቀው ተመልሳ ተቃናች። በጣሳ ውኃ አፈሰሰባት፤ ውኃው በነዶዎቹ መሐል አልፎ ወረደ። እፍ ሲልባት ግን ወደ ፊት አልሄደችም፤ በጎኗ ተንሸራትታ ሳፋው ጠርዝ ላይ ተለጠፈች። ሲመሽ ሳወጣት እጄ ላይ ከበደችኝ፤ ሆዷም ጠቁሯል።

የታንኳ ጠባይ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ከመንሳፈፉ እንጀምር። የእንጨትም ሆነ የብረት ጀልባ የምትንሳፈፈው ሆዷ ባዶ በመሆኑ ነው። ቀዳዳ ካገኘ ውኃው ባዶውን ይሞላዋል፤ ጀልባዋም ትሰጥማለች። ታንኳ ባዶ ሆድ የላትም። አየሩ በእልፍ አገዳ ተከፋፍሎ የተያዘ ስለሆነ አንዱ ቢቀደድ ሌላው አይነካም፤ ማዕበል ቢያለብሳትም የሚቀዳ ውኃ አይጠራቀምባትም። በፋብሪካ የሚሠሩ ትንንሽ ጀልባዎች ይህን ዋስትና ለማግኘት ጎናቸው ውስጥ ፎም ይሞላላቸዋል፤ ታንኳ ሁለመናዋ ፎም ነው። በዚህ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ።

ወደ መቃናቱ ስንመጣ ነጥቡ ይቀንሳል። ባሕር ላይ ለቀናት የሚኬድባት የሸራ ጀልባ ከሆዷ ሥር ወደ ውኃው የሚወርድ ክንፍ አላት፤ በክንፉ ውስጥ እርሳስ ወይም ብረት ይሞላል። በብዙዎቹ የዚህ ክብደት ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ነው። ጀልባዋ በነፋስ ስታዘነብል ከታች ያለው እርሳስ ይጎትታትና ትመለሳለች። ታንኳ ከሥሯ የሚጎትታት ነገር የለም። የምትቃናው በሆዷ ጠፍጣፋነት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ እስከ ተወሰነ ማዘንበል ድረስ ይሠራና ከዚያ በኋላ በድንገት ይከዳል። ቀዛፊውም የተቀመጠው ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ጫኝ ክብደቱን እኩል ማከፋፈል፣ ተሳፋሪም አርፎ መቀመጥ አለበት።

ሐይቁ ራሱ ለዚህ ጠባይ አይመችም። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛው እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያነሳው ማዕበል አጭርና ገደላማ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። የሐይቁ ሰው በጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ ዳር ለመያዝ የሚቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ፍጥነት የጀልባ ነዳፊዎች አንድ ቀላል ሒሳብ አላቸው። ውኃ እየገፋች የምትሄድ ጀልባ ከራሷ የሚነሳው ማዕበል ያስራታል፤ ጣሪያዋ የሚለካውም በርዝመቷ ነው። ውኃ ላይ ያረፈውን ርዝመት በሜትር ወስደው ስኩዌር ሩቱን በ2.43 ያባዛሉ፤ ውጤቱ በኖት ይወጣል። አራት ሜትር ለሆነች ታንኳ 4.9 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጣሪያው ነው። አንድ ሰው በቀርከሃ እየቀዘፈ፣ ውኃ የጠጣ ሻካራ ሆድ እየጎተተ ጣሪያው አጠገብ አይደርስም፤ ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ሸራ ለምን አልተሰቀለላትም? በሰፈራችን ክረምት ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል የጉልት ሻጮች የወጠሩትን ሸራ ነፋስ ሲያነሳው ያየ ሰው መልሱን ግማሽ ያህል ያውቀዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚነቀለውም ሸራው ሳይሆን የቆመበት እንጨት ነው። በእንጨት ጀልባ ምሰሶው ከሥር የሚተከልበት ጠንካራ አጥንት አለ፤ በደንገል ነዶ ውስጥ ግን አንድ ምሰሶ ቢተክሉ ነዶውን ይሰነጥቀዋል። ቀሪው ግማሽ መልስ ልጁ እፍ ብሎ ያሳየኝ ነው። ከሥሯ ክንፍ የሌላት ጀልባ ሸራ ብትይዝ የምትሄደው ነፋሱ ወደሚሄድበት ብቻ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ወደ ቤቱ መመለስ ለሚፈልግ ዓሣ አስጋሪ ደግሞ ይህ አይረባውም።

የጣና ደንገል ግን አንድ ጊዜ ሸራ ተሰቅሎለታል፤ ያውም አትላንቲክ ላይ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በፓፒረስ ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ። ጣና ድረስ መጥቶ ታንኳዎቹን አየ፤ 12 ቶን ያህል ደንገልም ከዚሁ ተቆርጦ ወደ ግብፅ ተጓጓዘለት። ሥራውን ግን ለቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ሰጠ። «ራ» የተባለችው የ15 ሜትር ጀልባ ፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ ግንቦት 17 ቀን 1961 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሳች። የፓፒረስ ሊቃውንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ትሰጥማለች ብለው ነበር።

አልሰጠመችም፤ ተበላሸች እንጂ። የተበላሸችበት መንገድ ለጀልባ ነዳፊ ትልቅ ትምህርት ነው። በጥንት ግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ከታጠፈው የጀልባ ጭራ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ሄየርዳል ገመዱ ጭራው እንደታጠፈ እንዲደርቅ ብቻ የሚያገለግል መስሎት አስወገደው። ባሕር ላይ ግን የገመዱ ሥራ ተገለጠ፤ የኋላውን ወለል ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ኖሯል። ያለ እሱ የጀልባዋ ኋላ ቀስ በቀስ ጎበጠ፤ ማዕበሉ ይገባ ጀመር፤ በነፋሱ በኩል ያለው ጎን ውኃ ጠጥቶ ከበደ፤ ማሠሪያው ተበላ። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ፣ ባርባዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ትተው ወጡ።

በዓመቱ «ራ 2» ተሠራች። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ናቸው። እነሱ ሁለት ትልልቅ ነዶዎችን በመሐላቸው ካለ ቀጭን ነዶ ጋር በአንድ ረጅም ገመድ ዙሪያውን ጠምጥመው አጣበቋቸው፤ ጀልባዋም ወደ 12 ሜትር አጠረች። እንደ መጀመሪያዋ ሁሉ ምሰሶዋ ሁለት እግር ነበረው፤ ክብደቱ መሐሉን እንዳይሰነጥቅ በግራና በቀኝ ነዶ ላይ የቆመ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ከሳፊ ተነስታ በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ባርባዶስ ገባች። ለቀኖቹ ሲካፈል በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል፤ በርዝመቷ ከሚፈቀድላት ጣሪያ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያም ላይ የውቅያኖሱ ሞገድና የማያቋርጠው የምሥራቅ ነፋስ ረድተዋታል። ወደ ኋላ ተመለሺ ብትባል አትችልም ነበር። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ቆማለች። ሄየርዳል ኋላ በኢራቅ ሸምበቆ የሠራትን «ትግሪስ»ን ደግሞ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለውን ጦርነት በመቃወም መጋቢት 25 ቀን 1970 ጂቡቲ ላይ በገዛ እጁ አቃጠላት። ከጦርነቶቹ አንዱ የእኛው ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ዕድሜ ነው፤ የመጽሔቶቹ መዝገብ እዚህ ላይ ታንኳን ይጥላታል። ጥሩ የፋይበር ግላስ ጀልባ 30 እና 40 ዓመት ትሄዳለች። ታንኳ ሥራዋን ስትጨርስ ወጥታ ዳር ላይ ቆማ ካልደረቀች ትበሰብሳለች፤ እንዲያም ተደርጎላት የምታገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። የጀልባ ዋጋ የሚከፋፈለው በዕድሜዋ ነው፤ ደንገሉ ደጃፍ ላይ እስካለ ድረስ ታንኳ ጥቂት የእጅ ሥራ እንጂ ገንዘብ አትጠይቅም። ጥገና አያስፈልጋትም፤ ስታረጅ ተጥላ ሌላ ትታሰራለች። ቁም ነገሩ «ደጃፍ ላይ እስካለ ድረስ» የሚለው ነው፤ የታንኳ ጥንካሬ ያለው ከራሷ ይልቅ ዳርቻው ላይ ነውና።

ዳርቻው ደግሞ እየተለወጠ ነው። በ1995 የሐይቁ ውኃ እጅግ ሲወርድ ጀልባ መንቀሳቀስ አስቸግሮ ነበር፤ ውኃው የለቀቀውን መሬት እርሻ ያዘው፤ ደንገሉም ሳሳ። በ2004 አካባቢ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ታየ። በ2007 ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ መዝገቡ ግን ደንገል አያበቅልም። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብም ከ1978 ወዲህ በሆላንዳውያን በጎ አድራጊዎችና በቤተ ክርስቲያን ትብብር በተጀመረ ፕሮጀክት ገብቷል። ከጂቡቲ ወደብ በግዙፍ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ጣና የመጣችውን ጀልባ፣ ጣናነሽ 2ን፣ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ከእሷ ጎን ታንኳን በፍጥነትና በጭነት ማወዳደር ቀልድ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ሳምንት ግን የታንኳው ቀዛፊ መረቡን ይጥላል።

ነድፈህ አሻሽል ብባል መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ቀርከሃው ላይ ነው። ዓሣ አስጋሪው ብዙ ጊዜ የሚቀዝፈው ምላስ በሌለው ዘንግ ነው፤ ውኃው በሁለት በኩል ስለሚያመልጥ ጉልበቱ በከንቱ ይሄዳል። አንድ መዳፍ የሚያህል ሳንቃ ጫፉ ላይ ቢታሰር ፍጥነቱ እንደሚጨምር አልጠራጠርም። ሆኖም ያው ዘንግ ጥልቀት በሌለው ውኃ መሬት ገፍቶ ታንኳዋን ያስኬዳል፤ በደንገሉ መሐልም ሳይያዝ ገብቶ ይወጣል። ሳንቃ ያለው መቅዘፊያ እምቦጭ መሐል ቢገባ የሚያወጣው ሥር ተጠምጥሞበት ነው፤ ቀዛፊው በየመቅዘፉ ከማራገፍ ዘንጉን ይመርጣል።