ከቆጣሪው እስከ ግድግዳው፦ በቆየ ቤት ላይ ሶኬት ሲጨመር

በሰሜን ወሎ፣ በግራናና በመርሳ፣ በወልድያም የቆዩ ሰፈሮች፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ መብራት የገባላቸው ሁለት አምፖልና አንድ ሬዲዮ ይበቃል በሚባልበት ጊዜ ነው። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ካውያ፣ የቤተሰቡ ሁሉ የስልክ ቻርጀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጭኗል። የግራና ሸለቆ ሙቀት ስላለው ሱቅ የከፈተ ሰው ለስላሳ የሚያቀዘቅዝበት ያስገባል፤ ክፍል ያከራየ ሰው ለተከራዩ ሶኬት ማስገጠም ይፈልጋል። ኤሌክትሪሺያን ይጠራና “እዚህች ጥግ ላይ አንዲት ሶኬት ጨምርልን” ይባላል። እሱም ቅርብ ካለው የአምፖል መስመር ላይ ቀጥሎ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨርሶ ይወጣል። ቴሌቪዥኑ ይበራል፤ ሥራውም በዚሁ እንዳለቀ ይቆጠራል።

አላለቀም። ሶኬት በራሱ ኃይል አይጨምርም። ከቆጣሪ የሚወጣውን መስመር የሚካፈል አንድ ተጨማሪ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው “ሶኬቱ የት ይቀመጥ?” ከመሆኑ በፊት “ሽቦው ይችላል ወይ?” መሆን አለበት።

ቁጥሩን እንየው። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ ከዚህ መስመር 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል የሚዘረጋው የተለመደ ሽቦ ደግሞ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ከብሬከር እስከ ሶኬቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ደርሶ ስለሚመለስ ርዝመቱ 40 ሜትር ይሆናል፤ የዚህ ሽቦ እንቢታ ወደ ግማሽ ኦም ይጠጋል። ምጣዱ እስከበራ ድረስ ወደ 8 ቮልት የሚጠጋው በመንገድ ላይ ይጠፋል፣ ከ120 ዋት በላይ ሙቀትም ሽቦው ውስጥ ይፈጠራል። ሙቀቱ የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ብቻ አይደለም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለቻርጀር ምንም ያልሆነው ሽቦ ለምጣድ እሳት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሙቀት በሙሉ ርዝመቱ ላይ ሲበተን ሽቦው ቀስ እያለ ልባሱን ያደርቃል። ከዚህ የከፋው ግን መገጣጠሚያው ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ሲታሰር፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እየላላ ይሄዳል። የላላው ቦታ ብቻውን ግማሽ ኦም ቢያበጅ፣ በ16 አምፔር 128 ዋት ሙቀት በአንዲት ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ግድግዳው ውስጥ ተደብቆ እንደሚበራ ማለት ነው። ያ ነጥብ ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት ከተሠራ ኮርኒስ በላይ ሲሆን የሚመጣውን መገመት አያስቸግርም። እዚያ ላይ አይጥም አለች፤ የሽቦ ልባስ ትበላለች። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራት ሲቆይ፣ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ መሸሹ ይታወሳል። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የከረመ ቤት ላይ አዲስ ሶኬት ከመታሰቡ በፊት ኮርኒሱ ተከፍቶ የውስጡ ሽቦ መታየት አለበት።

ሽቦው ሲጨነቅ የሚያስታውቀው ብሬከር ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከቃጠሎ ለማዳን ነው፤ በተለመደው አሠራር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ10 አምፔር፣ ባለ 2.5 በ16፣ ባለ 4 በ25፣ ባለ 6 በ32 አምፔር ይጠበቃል። ምጣድ በተለኮሰ ቁጥር ብሬከሩ ሲወርድ “ይሄ ደካማ ነው” ተብሎ ባለ 32 ይገዛል። በድሮው ፊውዝ ዘመንም የተቃጠለው ቀጭን ሽቦ በወፍራም መዳብ ይተካ ነበር። በእኔ እምነት በቆየ ቤት ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ ከዚህ የሚብስ የለም፤ ሽቦው እንደቀጠነ ይቀራል፣ አደጋውን የሚናገረው ግን ዝም ተሰኝቷል።

ትክክለኛው መንገድ ለሶኬት ራሱን የቻለ አዲስ መስመር ከብሬከር ሳጥኑ መሳብ ነው። ለተራ ሶኬቶች ባለ 2.5 ሽቦ በ16 አምፔር ብሬከር፤ ለምጣድ ብቻውን ባለ 4 ሽቦ፣ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ርቆ ጓሮ ካለ ደግሞ ባለ 6። አምፖሎቹ በድሮው መስመር ላይ ይቅሩ። የጭቃ ግድግዳ ሲቦረቦር ስለሚፈርስና ልስኑ በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ ሽቦውን ጭቃ ውስጥ ከመቅበር በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ ከላይ ማስኬድ ይሻላል፤ ሁልጊዜ ይታያል፣ ቢበላሽም ይደረስበታል። መገጣጠም ግድ ከሆነ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ ይሁን። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ከመዳብ ጋር በቀጥታ ሲጠመዘዝ እርጥበት ያበላሸዋል፤ ለዚህ የተሠራ የራሱ ማገናኛ አለ።

አሁን ሰው ስለሚገድለው ነገር። በቆዩ ቤቶች የሚገኘው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው፣ ፌዝና ኒውትራል። ሦስተኛው፣ ኤርዝ፣ የለም። ገበያ ላይ ያለው አዲስ ሶኬት ግን የኤርዝ ብረት አለው። ሲገጠም የተሟላ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። የምጣዱ ውስጠኛ ሽቦ ተበልቶ አካሉን ቢነካ፣ በእርጥብ እጇ አክንባሎ የምታነሣ እናት መንገዱ ትሆናለች። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሠራተኞች ኤርዙን ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ውስጥ ያገናኙታል። ይህ ከባዶው የባሰ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተቋረጠ ዕለት የምጣዱ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል።

ኤርዝ የሚበጀው መሬት ውስጥ በጥልቀት በሚመታ የመዳብ ወይም መዳብ በለበሰ የብረት ዘንግ ነው። ዋልካ አፈር ባለበት ግቢ ክረምት ላይ ጥሩ ይሠራል፤ በጋ ላይ አፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይላቀቃል። ስለዚህ ዘንጉ ጠለቅ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት በማይጠፋበት፣ ለምሳሌ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በሚፈስበት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል።

ኤርዝ ቢኖርም ባይኖርም ግን በአዲሱ መስመር መነሻ ላይ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ እንዲገጠም አጥብቄ እመክራለሁ። ተራው ብሬከር የሚያውቀው አምፔር ነው፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ግን ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ስለሆነ አይቶት አያውቅም። አርሲዲ የሄደውና የተመለሰው እኩል መሆኑን ይለካል፤ 30 ሚሊአምፔር ያህል በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ካመለጠ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል።

እስከ ቆጣሪው ያለው ብዙዎቻችን ዛሬም መብራት ኃይል የምንለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የባለቤቱ። በአንድ ቆጣሪ ላይ ጎረቤትም ተከራይም የተንጠለጠለበት ግቢ ከሆነ፣ የሁሉም ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢለኮስ የሚደርሰው ጫና ተደምሮ፣ አስፈላጊ ከሆነ ለአገልግሎቱ አመልክቶ ማሳደግ ያሻል። በተለይ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሰካልና።

ሠራተኛው ሥራውን ሲጀምር ዋናውን ብሬከር ያወርዳል፤ ቴስተሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚያውቀው ቦታ ይሞክራል፣ ከዚያ የሚነካውን ሽቦ ያያል። በቆየ ቤት የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ ፌዙ በጥቁር፣ ኒውትራሉ በቀይ ተዘርግቶ ይገኛል። ሲጨርስ የአርሲዲውን የመሞከሪያ ቁልፍ በባለቤቱ ፊት ተጭኖ መውረዱን ያሳይ። ከዚያ ምጣዱ ይለኮስ፣ ለግማሽ ሰዓት ይጋገርበት፣ ይነቀልና ሶኬቱና ፕለጉ በእጅ ይዳሰሱ። ለብ ቢል ያለ ነው፤ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ብሎኑ ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል፣ ክፍያውም ያ ተስተካክሎ እስኪያልቅ ይቆይ።