አንድ ኮድ፣ ብዙ ማሽን፦ ሲሜክ ይሻላል ወይስ ሜሶን?

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሦስት ጓደኛሞች አንድ ሶፍትዌር አብረው ሊሠሩ ተነሱ እንበል። አንዱ ጋ ያለው ዊንዶውስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ሌላዋ ሊኑክስ ትጠቀማለች፣ ሦስተኛው ማክ አለው። ፕሮግራሙ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ላይም እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ኮዱ አንድ ነው። «እኔ ጋ ይሠራል፣ አንተ ጋ ለምን እምቢ አለ?» የሚለው ጭቅጭቅ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ይሄን የሚያቃልለው ቢልድ ሲስተም ነው። (ልደታ ሲባል ህንጻ ኮሌጅ ትዝ ላላችሁ፣ የዛሬው ግንባታ የኮድ ነው።) የጻፍነው ኮድ የሚከፈት ፕሮግራም እስኪሆን ድረስ የትኛው ፋይል በምን ቅደም ተከተል ኮምፓይል እንደሚደረግና የትኛው ላይብረሪ እንደሚያስፈልግ የሚያዘው እሱ ነው።

በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚሠራ ሰው ስማቸው ቶሎ የሚነሳው ሁለት ናቸው። ሲሜክ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ነው። ራሱ ኮምፓይል አያደርግም፤ አንዴ የጻፋችሁለትን መመሪያ አንብቦ ለቪዥዋል ስቱዲዮ፣ ለኤክስኮድ ወይም ለሌላ መሣሪያ የሚሆን ፋይል ያዘጋጃል። ሜሶን እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣ ታናሽ ነው። አጻጻፉ ቀለል ይላል፣ ስታነቡትም ይገባችኋል። የሲሜክ አጻጻፍ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያደክማል።

ቅርባችን ያለ ምሳሌ ኪማን ነው። ብዙዎች ኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል «ሰላም» ብለው እየነኩ በግዕዝ ፊደል የሚጽፉበት ሶፍትዌር ማለት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ይሠራል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ገብቶ ማየት ይቻላል። ኮር የሚባለው በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ክፍሉ የሚገነባው በሜሶን ነው። የአንድሮይዱ መተግበሪያ ግን በግሬድል ይገነባል። ማለትም እንዲህ ያለ ትልቅ ፕሮጀክት እንኳን ሁሉን ነገር በአንድ መሣሪያ አልጨረሰም።

ታዲያ ጓደኛሞቹ የቱን ይምረጡ? እኛ ብንሆን ሲሜክን እንመርጥ ነበር። ምክንያቱ ስልኩ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን ከሲሜክ ጋር በቀጥታ ይቀበላል፤ ሜሶንን ለማስገባት ግን ተጨማሪ ሥራ አለው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ሜሶን እንል ነበር። አይፎን ካሰቡ ደግሞ የማክ ባለቤቱን ልጅ አያስቀይሙት፤ የትኛውንም ቢመርጡ የአይፎን መተግበሪያ የሚገነባው ኤክስኮድ ባለበት ማክ ላይ ነው።

ሌላው የዳታ ነገር ነው። ግሬድል መጀመሪያ ሲነሳ የሚያወርደው ላይብረሪ ፓኬጅ ይጨርሳል። ጥሩ ዋይፋይ ባለበት አንዴ አውርዳችሁ፣ ከዚያ ኦፍላይን የሚለውን አማራጭ አብሩት። ዋናውን ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ «ሰላም» ብቻ የሚል ፕሮግራም ጽፋችሁ በሦስቱም ላፕቶፖችና በስልኩ ላይ ገንብታችሁ ሞክሩ።