በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ስለ መግጠም

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ለአንባቢ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ስታነቡ ምክንያትና ውጤት እንዴት እንደ ተያያዙ ልብ በሉ።

ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ ስንቁን አስቀድሞ ያዘጋጃል። የመኪና ስንቅ ደግሞ ነዳጅ ነው። ማደያ በሌለበት በረሃ ነዳጅ ያለቀበት መኪና ከተከመረ ብረት አይሻልም፤ ተሳፋሪዎቹም የሚቆዩት የያዙት ውሃ እስከሚያቆያቸው ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሠሩ ሰዎች በመኪናቸው ላይ ሁለተኛ የነዳጅ ታንክ ያስገጥማሉ።

ለምሳሌ ላንድሮቨርን እንመልከት። ይህ በአራቱም ጎማዎቹ መነዳት የሚችል መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ በአገራችን ገጠርም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ዓ.ም. ከተሠራው ሦስተኛው ዓይነት መካከል አጭሩ ላንድሮቨር፣ ከፊተኛው የቀኝ መቀመጫ ሥር 45 ሊትር ያህል የሚይዝ ታንክ አለው። አንድ ሊትር ቤንዚን 6 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ብንል፣ መኪናው በአንድ ሙሌት 270 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አሸዋና አቀበት ገጥሞት በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ ግን ጉዞው ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ሄዶ መመለስ ለሚኖርበት ሰው ይህ 90 ኪሎ ሜትር ብቻ ማለት ነው።

«ነዳጁን በጀሪካን ሞልቶ ጣሪያ ላይ መጫን አይበቃምን?» ትሉ ይሆናል። 45 ሊትር ቤንዚን 33 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ሸክም ጣሪያ ላይ ሲወጣ የመኪናው ሚዛን ወደ ላይ ከፍ ስለሚል፣ በተዳፋት መንገድ ላይ የመገልበጡ አደጋ ይጨምራል። ዝቅ ብሎ የተገጠመ ታንክ ግን ሚዛኑን አያናጋም። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ይገለገልባቸው ከነበሩት ላንድሮቨሮች ብዙዎቹ ከሁለቱም የፊት መቀመጫዎች ሥር አንዳንድ ታንክ ነበራቸው።

ታንኩ የሚቀመጥበት ስፍራ ሲመረጥ ከጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ከሚሽከረከሩ የመኪናው ክፍሎችና ከመንገድ ድንጋይ መራቁ ይረጋገጣል። ከዚያም ከሻንሲው ጋር በጠንካራ ብሎን ይታሰራል። በግማሽ እንስራ ውሃ ተሸክማችሁ የምታውቁ እንደ ሆነ፣ ውሃው ወዲያና ወዲህ እየተናጠ እንዴት እንደሚያንገዳግድ ታስታውሳላችሁ። ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ትልልቅ ታንኮች በውስጣቸው ቀዳዳ ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ይደረግላቸዋል።

ታንክ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ነዳጁን ሲስብ በቦታው አየር ካልገባ፣ ታንኩ ሳይጎድል ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። በሌላ በኩል 45 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር መጠኑ ወደ አንድ ሊትር በሚጠጋ ይጨምራል። በጠዋት ቅዝቃዜ እስከ አፉ የተሞላ ታንክ በቀትር የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው። የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ ከፍ ብሎ ከተሳፋሪዎቹ ክፍል ውጭ መሆን አለበት።

ሁለቱ ታንኮች በመቀያየሪያ ቁልፍ አማካይነት ከአንድ ፓምፕ ጋር ይገናኛሉ። በናፍጣ በሚሠራ ሞተር ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሞተሩ ያልተጠቀመበት ናፍጣ በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንክ ይመለሳል። ከሁለተኛው ታንክ እየተሳበ ወደ መጀመሪያው ቢመለስ፣ የሞላው ታንክ ይፈስሳል፤ ሌላው ደግሞ ሳይታሰብ ያልቃል። ስለዚህ ቁልፉ ሁለቱንም ቱቦዎች በአንድነት የሚለውጥ መሆን ይገባዋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው አሮጌ ታንክን ከመበየድ ነው። ብዙ ሰው ባዶ ታንክ አያስፈራም ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። በሙሉ ታንክ ውስጥ ለተንና ለአየር ቦታ የለም፤ በባዶው ውስጥ ግን ሁለቱ ተደባልቀው አንዲት ብልጭታ ይጠብቃሉ። ታንኩን በውሃ አለቅልቆ ወደ ብየዳ መሄድም ዋስትና አይሆንም፤ በስፌቱ ውስጥ የቀረ ጥቂት ቤንዚን እንደገና ይተናልና። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተስቦ ሩቅ ካለ እሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይተዋል። ገጠማውም የሚከናወነው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ፣ የባትሪው ሽቦ ተነቅሎ ነው።

በመጨረሻም ታንኩ በጥቂት ነዳጅ ይፈተናል። መጋጠሚያው ሁሉ በደረቅ ጨርቅ እየተጠረገ ይታያል እንጂ በክብሪት ብርሃን ከቶ አይታይም። ቁልፉም ከመንደር ሳይርቁ ተደጋግሞ ይሞከራል። በግቢ ውስጥ የተገኘ ጉድለት በአንድ ሰዓት ይታረማል፤ በበረሃ የተገኘ ጉድለት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

መልመጃ

1. ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይልቅ የሚያሰጋው ለምንድን ነው?
2. በናፍጣ መኪና ላይ የመመለሻው ቱቦ ቢዘነጋ ምን ይደርሳል?
3. ከምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ» የሚለው ቃል የገባባቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ፣ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ የእጅ ሥራ መርጣችሁ፣ አሠራሩንና የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ በሦስት አንቀጽ ግለጹ።