ጠያቂዋ የማታየው ግቢ፤ ስለ ጥብቅ እስር ቤቶች ክትትል ተረትና እውነታ

በማለዳ ቃሊቲ በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ፌስታሉ ተፈትቶ ይፈተሻል። እንጀራው እየተገለጠ ይታያል። «ቅመሺው» ትባላለች፤ እናት ከገዛ ወጧ ትጎርሳለች። ከዚያ ስም ይጠራል፣ ልጇ ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል፣ ጥቂት ያወራሉ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» ስንቁን አቀብላ የትናንቱን ባዶ ሳህን ይዛ ትመለሳለች።

ይህችን ሴት ቋንቋችን «ጠያቂ» ይላታል። የታመመን፣ የታሰረን፣ ሐዘን የወደቀበትን ሄዶ ማየት በአማርኛ «መጠየቅ» ነው። መልስ መፈለግም «መጠየቅ» ነው። እስር ቤት ላይ ግን ሁለቱ ትርጉሞች ይለያያሉ። እናት ልጇን ትጠይቃለች እንጂ ትናንት ማታ እሱ ባደረበት ክፍል ስንት ሰው እንደተኛ፣ ማን እንደተደበደበ፣ እሳት ቢነሳ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ አትችልም። ለዚህ ሌላ ዓይነት ጠያቂ ያስፈልጋል፤ ከእስረኛው ጋር ዝምድና፣ ከአሳሪው ጋር የአለቃና የምንዝር ትስስር የሌለው። ስለዚህ ሁለተኛ ጠያቂ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። ብዙውን ምሳሌ የምወስደው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያ አገር በሩ ዝግ የነበረበትንም፣ በሩን በሕግ የከፈተበትንም ዘመን በደንብ መዝግቦ አቆይቷል። በአገራችን አቆጣጠር «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ «ቤተሰብ እየጠየቀው ሌላ ተመልካች ምን ይሠራል?»

የቤተሰብ ጥየቃ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ግን ጠያቂ የሚያየው የመጠየቂያውን ቦታ ነው። መኝታ ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ ክሊኒኩን አያይም፤ ጨለማ ቤቱንማ ጨርሶ አያየውም። ከሁሉ በላይ ዓይን የሚያስፈልገው እስረኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠያቂ የሌለው ወይም ከጠያቂ የተከለከለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቃቸውና የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት 122 አንቀጾች፣ ሰውን ትርጉም ካለው የሰው ግንኙነት ለይቶ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ መዝጋትን የብቻ እስር ይሉታል። ከ15 ተከታታይ ቀን ካለፈ ክልክል ነው። ቀኑን የሚቆጥረው ታዲያ ማን ነው? በር ላይ «ዛሬ መጠየቅ አይቻልም» የተባለች እናት አስራ ስድስተኛው ቀን መግባቱን በምን ታውቃለች?

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ እስር ቤት ሲቃጠል ይህ በዓይን ታይቷል። መንግሥት ኋላ ላይ 23 እስረኞች መሞታቸውን ገለጸ። እስኪነገራቸው ድረስ ግን ስንቅ ሲያመላልሱ የኖሩ ቤተሰቦች የማን ልጅ እንደሞተ፣ የማን እንደተረፈ፣ የማን ወደ የት እንደተዛወረ ሳያውቁ ለቀናት ከበር በር ሲንከራተቱ ነበር። በየሳምንቱ የሚመላለሱበት ግቢ ነው፤ ግን ምን እንደተፈጠረ የሚጠይቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

ተረት፦ «ተመልካች ሲመጣ ግድግዳው ተቀብቶ ይጠብቀዋል። ድራማ ነው።»

ከሁሉ ተረት ይህኛው እውነት አለው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና እየወሰደ ነበር። ስድስት ወር ይሆናል የተባለው ሥልጠና ሳያልቅ ተቋርጦ ተጠራ፤ አገሩ በተመለሰ በቀናት ውስጥ ነሐሴ መባቻ ላይ ተያዘ። በ1964 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሮቢን ደሴት ገባ። እዚያ እስረኞች በግቢው ተደርድረው ተቀምጠው በመዶሻ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የለንደን ጋዜጣ ዘጋቢና ፎቶ አንሺ እንዲመጡ ተፈቀደ። የዚያን ቀን ድንጋዩ ተነሳ፤ በምትኩ የተቀደዱ ሹራቦችና መርፌ ታደሉ። ፎቶው ዛሬም አለ፤ እስረኞቹ በጸጥታ ልብስ ሲጠግኑ ያሳያል። እንግዶቹ ሲሄዱ ድንጋዩ ተመለሰ።

ስለዚህ «ድራማ ነው» የሚል ሰው አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሁሉም ጉብኝት እንዲህ ነው ሲል ነው። በ1967 ሄለን ሱዝማን ወደዚያው ደሴት መጣች። ለ13 ዓመት በፓርላማው ውስጥ የፓርቲዋ ብቸኛ ተወካይ የነበረች ሴት ናት። በክፍሎቹ ኮሪደር ስትገባ እስረኞቹ «ከእኛ ጋር ጊዜሽን አታጥፊ፣ መጨረሻው ክፍል ወዳለው ሰው ሂጂ» አሏት። ማንዴላ አለቆቹ አጠገቡ ቆመው እየሰሙ አቤቱታውን አንድ በአንድ ዘረዘረላት። ከዘረዘረው አንዱ እጁ ላይ የናዚን መስቀል የተነቀሰው ጠባቂ ጉዳይ ነበር። ሱዝማን ሰምታ ዝም አላለችም፤ ሚኒስትሩ ድረስ ይዛው ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ያ ጠባቂ ከደሴቱ ተነሳ።

በዚህ ታሪክ የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር አለ። አለቃው እየሰማ አፉን ሞልቶ መናገር የቻለው ማንዴላ ስለሆነ ነው። ሌላው እስረኛ ጠያቂዋ ከሄደች በኋላ ሌሊቱ እንዳለ ያውቃል። የማንዴላ ደንቦች ተቆጣጣሪ እስረኛን ለብቻው፣ ሌላ ጆሮ በሌለበት እንዲያነጋግር፣ የሚያየውን እስር ቤት ራሱ እንዲመርጥ፣ ሳያስታውቅም እንዲመጣ የሚፈቅዱት ለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም በሮቢን ደሴት ከ1964 ጀምሮ ሲመላለስ የያዘው መንገድ ይኸው ነበር፦ ከእስረኛ ጋር ለብቻ መነጋገር፣ ተመልሶ መምጣት፣ ያየውን ለባለሥልጣኑ በምስጢር ማቅረብ። ተመልሶ መምጣቱን ቀላል ነገር አድርገን እንዳናየው። ለአንድ ቀን ግድግዳ መቀባት ይቻላል፤ በየወሩ መቀባት ግን አይቻልም። ባለፈው ጊዜ የተናገረው ሰው ዛሬ የት እንዳለ የሚጠየቀውም በሁለተኛው ጉብኝት ነው።

ተመልካች ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ያኔ የአፍሪካውያን እስረኞች ምግብ በዘር ተለይቶ ያነሰ ነበር፤ ዳቦ አይሰጣቸውም። ማንዴላ በመጽሐፉ እንደሚያስታውሰው ይህን አቤት ሲል አንድ የቀይ መስቀል ልዑክ አለቃውን ሰረቅ አድርጎ አየና ዳቦ ለጥርስ ጥሩ እንዳልሆነ፣ በቆሎ እንደሚሻል መለሰለት። እስረኛ ፊት ቆሞ የአሳሪውን ፊት የሚያነብ ተቆጣጣሪ ካልመጣው ይከፋል፤ ምክንያቱም ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ «ታይቷል» ያሰኛል።

ተረት፦ «ይህ ለወንጀለኛ መራራት ነው።»

እስር ቤት ውስጥ የሚውለው እስረኛ ብቻ አይደለም። በማንቸስተር ከተማ ስትሬንጅዌይስ በሚባለው እስር ቤት በሚያዝያ 1990 የተነሳው ዓመፅ 25 ቀን ቆየ፤ የተጎዱት የእስር ቤቱ ሠራተኞች 147፣ እስረኞቹ 47 ነበሩ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ዉልፍ የደረሱበት ድምዳሜ እስር ቤት የሚረጋጋው ጥበቃ፣ ሥርዓትና ፍትሕ ሦስቱም ሲመዛዘኑ ነው የሚል ነው። በሽታም ወንጀለኛና ጨዋ አይለይም። ማንዴላ በ1988 በፖልስሞር እስር ቤት ሳለ ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ነቀርሳ ከታጨቀ ክፍል በዘብና በሐኪም ትንፋሽ፣ በተፈታ ሰው ሳል ወደ ሰፈር ይወጣል።

ተረት፦ «ማዘዝ ካልቻሉ ማየታቸው ምን ይጠቅማል?»

እውነት ነው፣ ተቆጣጣሪ አያዝም። እስረኛ አይፈታም፣ ኃላፊ አያባርርም። ያለው ሥልጣን መግባት፣ ማየት፣ መጻፍ ነው። ፖልስሞር ላይ የሆነውን ግን እንመልከት። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ዳኞች በማንኛውም ሰዓት እስር ቤት እንዲገቡ ይፈቅዳል፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዳኛ ኤድዊን ካሜሮን በሚያዝያ 2015 ገቡ። የቀጠሮ እስረኞች ክፍል ከተፈቀደለት ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሰው ታጭቆበት አገኙት፤ አልጋው አይዳረስም፣ ብርድ ልብሱ ቅማል ያፈላል። ያዩትን ጻፉ። ጽሑፉ ማንንም አያስገድድም ነበር፤ ነገር ግን የመብት ድርጅቶች ፍርድ ቤት ይዘውት ሄዱ። በታኅሣሥ 2016 ፍርድ ቤቱ የእስረኛው ቁጥር በስድስት ወር ውስጥ ከተፈቀደው ከ150 በመቶ እንዳይበልጥ አዘዘ። ቤተሰብ «ልጆቻችን ታጭቀዋል» ብሎ ለዓመታት ሲጮህ ወሬ ነበር፤ ቀን፣ የክፍል ቁጥርና የሰው ቁጥር ተጽፎበት ሲመጣ ማስረጃ ሆነ።

ተረት፦ «ሕጉ ገለልተኛ ነው ካለ ገለልተኛ ነው።»

ደመወዙን ማን ይከፍላል? ደቡብ አፍሪካ ከ1998ቱ ሕጓ ጀምሮ በዳኛ የሚመራ የእስር ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አላት፤ በየእስር ቤቱ እየዞሩ እስረኛን ለብቻው የሚያነጋግሩ፣ አቤቱታውን በመዝገብ የሚይዙ ጎብኚዎችም አሉት። ወጪውን የሚሸፍነው ግን ራሱ ቁጥጥር የሚደረግበት መሥሪያ ቤት ነበር። በታኅሣሥ 2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህ በቂ ነፃነት አይሰጥም ብሎ ወሰነ፤ ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክልም 24 ወር ሰጠ። ለእኛም የራቀ ጥያቄ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ሳያስታውቅ ማረሚያ ቤት የመግባት ሥልጣን ተሰጥቶታል። በወረቀት ይህ ሮቢን ደሴት ያልነበረው ነገር ነው። እኔ የምከታተለው በሩ ላይ ያለው ዘብ አዋጁን ያውቀዋል ወይ የሚለውን ነው።

ተረት፦ «አደገኛ ሰዎች የታሰሩበት ቤት ምስጢሩ ካልተጠበቀ ጥበቃው ይፈርሳል።»

የመግቢያ ኮድ፣ የጥበቃ ፈረቃ፣ የካሜራ አቀማመጥ ምስጢር ቢሆን ማንም አይቃወምም፤ ተቆጣጣሪም አያወጣውም። ግን ምስጢር ማንን እንደሚጠብቅ ማንጋውንግ ላይ ታይቷል።

ማንጋውንግ በብሉምፎንቴይን አጠገብ ያለ፣ ጂፎርኤስ የተባለ የግል ኩባንያ ያስተዳድረው የነበረ፣ ወደ 3,000 ገደማ እስረኛ የሚይዝ ከፍተኛ ጥበቃ እስር ቤት ነው። ግንቦት 3 ቀን 2022 ገና ሳይነጋ አንድ የብቻ ክፍል ተቃጠለ፤ ውስጡ የከሰለ አስከሬን ተገኘ። በአስገድዶ መድፈርና በግድያ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ታቦ ቤስተር ራሱን አቃጥሎ ሞተ ተባለ፤ ፋይሉም ሊዘጋ ነበር። የአገሩ ሕግ ግን በእስር ቤት የሚደርስ ሞትና ማንኛውም የብቻ እስር ለተቆጣጣሪው ዳኛ ወዲያው ይነገር ይላል። ያኔ ተቆጣጣሪው ዳኛ እነዚያው ኤድዊን ካሜሮን ነበሩ። መሥሪያ ቤታቸው ጥያቄ ማንሳት ጀመረ። የአስከሬን ምርመራው ሰውየው እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ሞቶ እንደነበር፣ ጭንቅላቱም መመታቱን አሳይቶ ነበር። በኅዳር 2022 ግራውንድአፕ የተባለው የዜና ድርጅት ነገሩን አደባባይ አወጣው። መንግሥት ቤስተር ማምለጡን ያመነው በመጋቢት 2023 ነው፤ በሚያዝያ ታንዛኒያ አሩሻ ላይ ተያዘ። አንድ የተፈረደበት ነፍሰ ገዳይ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሰው መሀል ሲመላለስ፣ የደፈራቸው ሴቶች «ሞቷል» ተብለው ነበር። ያንን ግንብ ያስደፈሩት ከውጭ የመጡ ጠያቂዎች አልነበሩም፤ ከማምለጡ ጋር በተያያዘ ከተከሰሱት መካከል የእስር ቤቱ ሠራተኞች ነበሩበት።

የተቃጠለውስ? በዚያ ክፍል የተገኘው ሰው እስረኛ አልነበረም፤ አስከሬኑ ከውጭ የገባ ነው። እናቱ ከጠፋ ጀምሮ ስትፈልገው ነበር። ልጇ የቱ እንደሆነ የተነገራት በሚያዝያ 2023 የዘረመል ናሙናዋ ከአስከሬኑ ጋር ሲመሳከር ነው። ከዚያ በፊት ለአስከሬኑ በመዝገብ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነበር።